ከሰፈሩ የሰፋው ድንኳን

ጋሽ ሸዋንግዛው የተሰበረ ሻንጣ ሲመጣለት መጀመሪያ ይገለብጠዋል። አፉን ወደ መሬት አድርጎ ጀርባውን በመዳፉ መታ መታ ያደርገዋል፤ ካለፈው ጉዞ የተረፈ ነገር አይጠፋማ። ከዛሬው አንድ የልጅ ካልሲ፣ አንድ የአውሮፕላን ማንኪያና ጥቂት ፍሬ ቆሎ ረገፈ። ካልሲውን ለባለቤቱ አስቀመጠ፣ ማንኪያውን አገላብጦ አየና እሱንም አስቀመጠ፣ ቆሎውን በላ።

ከዚያ ዚፑ። የሚንሸራተተው ራስ ላልቶ ጥርሱን መንከስ ያቃተው እንደሆነ ግራና ቀኙን በፒንሳ ቆንጠጥ ያደርገዋል። ሲበዛ ይሰነጠቃል፤ ሲያንስ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ተከፍቶ የሰው ገመና ያወጣል። ቆንጠጥ አድርጎ ይስባል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና ቆንጠጥ ያደርጋል። ድምፁ ሲስተካከል ቁራጭ ጧፍ ያወጣና ጥርሶቹን ከላይ እስከ ታች ይቀባቸዋል። ቀጥሎ ጎማው። የተበላውን በወስፌና በመዶሻ ገፍቶ ያወጣል፤ ከሞቱ ሻንጣዎች ክምር ውስጥ ልኩን ፈልጎ ይገጥማል፤ ብሎኑን አጥብቆ ጫፉን ይቀጠቅጠዋል፣ ዳግም እንዳይላላ። ውስጡ የተቀደደ እንደሆነ ወፍራም ሸራ ቆርጦ በሰም በታሸ ክር ገበር ያደርግለታል።

መጨረሻ ላይ ፈተና አለ። ሻንጣውን የኮብልስቶን ድንጋይ ይሞላና ከሱቁ ደጃፍ እስከ ሰፈሩ የጋራ ቧንቧ ድረስ እያንጓጓ ይጎትተዋል። ድንጋዩን ተሸክሞ በእግሩ የተመለሰ ሻንጣ አለፈ፤ እጀታው ላይ ቀይ ክር ይታሰርለታል። በባዕድ አገር ሻንጣ በሚሽከረከርበት ቀበቶ ላይ ይህን ክር ያየ ሰው፣ ባለቤቱ የጠመንጃ ያዥ ሰፈር ልጅ መሆኑን ይወቅ።

ሱቁ ከታክሲ መውረጃው ገባ ብሎ ያለች፣ በቆርቆሮ የተሠራች፣ ከውስጧ ግማሽ ሰው ከውጪዋ የሻንጣ ተራራ ያለባት ናት። ከሃያ ዓመት በላይ ሠርቶባታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን የሰፈሩን ወጣት ጎማ ገጥሞ የሸኘው እሱ ነው። ቤሩት የገባችው በሱ ዚፕ፣ ጆሃንስበርግ የደረሰው በሱ እጀታ።

«ከሄዱት ሁሉ የአንዱም ሻንጣ መንገድ ላይ አልተከፈተም» ይላል ደረቱን ነፍቶ።

«ምናለ ሁለት ሦስቱ ተከፍተው ቢመለሱ!» ትለዋለች ባለቤቱ እትዬ ሀረገወይን።

ወዳ አይደለም። ጋሽ ሸዋንግዛው ከሻንጣው ሌላ የእድሩ የድንኳን ኃላፊ ነው። ለቅሶም ሆነ ሰርግ ሲኖር ድንኳን የሚያስተክለው እሱ ነው፤ ድንኳን ደግሞ የሚቆመው በሰው ነው። ድሮ «ድንኳን!» ሲባል ከየቤቱ የሚወጣው ጎረምሳ እርስ በርሱ ይጋፋ ነበር፤ ምሰሶ ያልደረሰው ተናዶ ወንበር ይሸከማል። አሁን «ድንኳን!» ሲባል የምትወጣው ድመት ናት።

የእድሩ ሊቀመንበር አቶ ኤልያቄም ግን በዚህ አይጨነቁም። ጡረታ እስኪወጡ በፕላን ሥራ ላይ የኖሩ ሰው ናቸውና የሕዝብ ቁጥር ሲነሣ ዓይናቸው ይበራል። በየጠዋቱ ጋዜጣቸውን ይዘው ሱቁ ደጃፍ ካለችው በርጩማ ላይ ይሰየማሉ።

«የሕዝብ ዕድገት ሸክም አይደለም፣ ሸዋንግዛው፤ ሀብት ነው። አፍ ይዞ የሚወለድ ሁሉ ሁለት እጅም ይዞ ነው የሚመጣው።»

«እጁማ የት አለና ጋሽ ኤልያቄም? አፉ እዚህ ነው፤ እጁ ዱባይ።»

«እጁ ቢሄድ ምንዛሪው ይመጣል። ምንዛሪ ልማት ነው።»

«ምንዛሪ ምሰሶ ይይዛል?»

«አንተ ሁሉን ነገር ከድንኳን አንጻር ነው የምታየው» ብለው ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ።

እውነት ነው፣ ከድንኳን አንጻር ነው የሚያየው። ነገር ግን ድንኳኑ ራሱ ከምንዛሪው አንጻር መጣበት።

ባለፈው ክረምት አሮጌው የእድር ድንኳን አንድ ለቅሶ ላይ ዝናብ አስገባ፤ ለቀስተኛው ዣንጥላ ዘርግቶ እህል ቀመሰ። ይህን የሚያሳይ ቪዲዮ ባሕር ተሻገረ። ቶሮንቶ ያለው ቃለሕይወት፣ በሰፈሩ የስልክ ግሩፕ ላይ ራሱን የ«ጠመንጃ ያዥ ልጆች ኮሚቴ» ሰብሳቢ አድርጎ የሾመው ልጅ፣ እንባ ቀረሽ የድምፅ መልእክት ላከ። «እኛ በሕይወት እያለን እናቶቻችንን ዝናብ አይመታቸውም!» አለ። ሳይውል ሳያድር ገንዘቡ ሞላ። ዱባይ ያሉት ድንኳን መረጡ፤ ባለ ብረት ቅስት፣ ነጭ፣ መስኮት ያለው፣ ዳር ዳሩ በወርቃማ ዘርፍ ያጌጠ።

ጋሽ ሸዋንግዛው አንድ ነገር ብቻ ጠይቆ ነበር። «ልጄ፣ የመንገዱን ስፋት ለክተን እንላክላችሁ እንዴ?»

«ጋሼ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ ቃለሕይወት። «መንገዱን እኔ አላውቀውም? ኳስ የተጫወትኩበት ነው እኮ! ካንዱ አጥር ወደ ሌላው ለመለጋት ስንት ጉልበት ይጠይቅ እንደነበር ረሱት?»

መንገዱን አልዘነጋውም፤ የዘነጋው ያኔ እግሩ ስንት ያህል እንደነበር ነው። ሌላም የማያውቀው ነገር አለ። በሰፈሩ ልማድ አጥር በየክረምቱ ይወድቃል፤ ሲነሣ ደግሞ አንድ ጫማ ያህል ወደ መንገዱ ጠጋ ብሎ ነው። የጋሽ ሸዋንግዛው አጥርም እንዲሁ። ይህን ለውጭ አገር ሰው በስልክ ማስረዳት የሚመች አይደለምና ዝም አለ።

ድንኳኑ መጣ። የጫነው መኪና ቅያሱ ውስጥ መግባት አቅቶት ታክሲ መውረጃው ላይ አራገፈው። ብረቱን ተሸክመው ያስገቡት ጂራታና ጓደኞቹ ናቸው። ጂራታ ከአምቦ ወዲያ የመጣ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ልብስ ሰፊው በከር ግቢ ውስጥ ከጓደኞቹ ጋር አንድ ክፍል ተከራይቷል። የእድሩ ዕቃ ቤት ሳህንና ወንበር እንጂ ይህን ብረት የሚችል አልሆነም፤ ስለዚህ ድንኳኑ ጋሽ ሸዋንግዛው ቤት ገባ። ከሳሎን ተነሥቶ፣ በአልጋ ሥር አልፎ፣ በመኝታ ቤቱ መስኮት ጫፉ ወጣ። የወጣው ጫፍ ላይ ጎረቤት ልብስ ያሰጣበታል።

«ሸዋ» አለችው እትዬ ሀረገወይን ቁርጭምጭሚቷን እያሸች፣ «እኔ ያገባሁት አንተን ነው ወይስ ይሄን?»

«ትንሽ ታገሺ። ሰው ሲሞት ይወጣል።»

ሰው ግን አልሞተም። ወር በወር ተተካ፤ በሰፈሩ ማንም አልሞተም። የታመመ ሁሉ ይድናል። እትዬ ሀረገወይን ሕመምተኛ ልትጠይቅ ሄዳ «እንዴት ዋሉ?» ስትል ድምጿ ውስጥ ተስፋ አለበት ተብላ ታማች። አቶ ኤልያቄም «አማካይ ዕድሜ ጨምሯል፤ ይህም አንዱ የልማት ምልክት ነው» አሉ።

አሮጌውን አውጥቶ መትከልም አይቻልም። ሸራውን የእድሩ ስብሰባ «ከሚበሰብስ» ብሎ ለጋሽ ሸዋንግዛው ሰጥቶት ነበር፤ እሱም ቆራርጦ የሻንጣ ገበር አደረገው። አሮጌው ድንኳን ራሱ ቁራጭ በቁራጭ ከአገር ወጥቷል። ልመለስ ቢል እንኳ ግማሹ ሪያድ ነው።

እንዲህ ባለበት ሰዓት ነው ትሕትና አገባለሁ ያለችው። ትሕትና የጋሽ ሸዋንግዛው አንድዬ ልጅ ናት፤ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ መድኃኒት ቤት ትሠራለች። አባቷ «እሷም አንድ ቀን መሄዷ አይቀርም» እያለ ከሁሉ የሚሻለውን ሻንጣ ለብቻው ሸሽጎላት ነበር። አልፎ አልፎ ያወጣዋል፣ ጧፍ ይቀባዋል፣ ዓይኑን ይጠርግና ይመልሰዋል። «አባዬ፣ የአብነት ሰፈሩን ኤሌክትሪሻን ላገባ ነው፤ የትም አልሄድም» ስትለው ከደስታ ብዛት መናገር አቃተው። መናገር ሲችል ደግሞ አበዛው።

ያበዛው እድሩ ስብሰባ ላይ ነው። «የልጄ ሰርግ በአዲሱ ድንኳን ይሆናል!» አለ። እዚህ ላይ ቢያቆም ደግ ነበር።

«ሰው ከየት ልታመጣ?» አለው በከር። «ከታች ሰፈር ከጋሽ ሙሌ ብትዋስ አይሻልም?»

ሙሌ የታችኛው ሰፈር እድር የድንኳን ኃላፊ፣ የቀድሞ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ድንኳኑ ትንሽ ናት፤ እራፊዋ ከዋናው ሸራ ይበልጣል። ልጆቹ ግን ሁሉም አገር ቤት ናቸው። ሥራ የላቸውም እንጂ ጉልበት አላቸው፤ ሻያቸው ሳይቀዘቅዝ ድንኳን ተክለው ይመለሳሉ። በዚህም ሙሌ ጋሽ ሸዋንግዛውን ባገኘው ቁጥር «እንዴት ነው፣ ብረቱ ደህና ነው? ይተኛል?» እያለ መድረሻ አሳጥቶታል።

«ከሙሌ ድንኳን ከምለምን» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው ከወንበሩ ብድግ ብሎ፣ «ሻንጣ ውስጥ ታጥፌ ልቆለፍ!»

ቃሉ ከስብሰባው ቀድሞ ታች ሰፈር ደረሰ።

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። ሰርጉ እሑድ ነው። ቅዳሜ ድንኳኑ ከቆመ ቆመ፤ ካልቆመ የአንድ ልጁን ሰርግ ለማትረፍ ሙሌ ደጅ ሄዶ ባርኔጣ ማውለቅ ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ጋሽ ሸዋንግዛው መንገዱ መካከል ቆሞ «ድንኳን!» ብሎ ተጣራ። ድመቷ ወጣች። ቀጥለው አቶ ኤልያቄም ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ቀጥሎ በከር ወገቡን በመቀነት ጠፍሮ ብቅ አለ። «ከባድ አታስነሣኝ እንጂ ሌላውን ሁሉ እሠራለሁ፣ ወላሂ» አለ። ሌላ የሚሠራ ነገር አልነበረም።

ከድንኳኑ ጋር የመጣው መመሪያ ላይ ሥዕል አለ። ስምንት ሰዎች ድንኳን ሲተክሉ ያሳያል፤ ስምንቱም ይስቃሉ።

«ጋሽ ኤልያቄም፣ አንድ ነገር ያስረዱኝ» አለ ጋሽ ሸዋንግዛው ሥዕሉን እያየ። «ሕዝባችን ከመቶ ሚሊዮን በላይ ነው አይደል?»

«አልፏል እንጂ! በደንብ አልፏል።»

«ታዲያ ከዚያ ሁሉ ውስጥ ስምንት ሰው እንዴት ይጠፋል?»

አቶ ኤልያቄም አሰቡ። «ይህ የሥርጭት ችግር ነው» አሉ።

ያኔ እትዬ ሀረገወይን ሁለት ስልክ አምጥታ አጥሩ ላይ አንጠለጠለች። ባንደኛው ቃለሕይወት አለ፤ እዚያ ገና ጠዋት ነውና ወፍራም ኮፍያውን ደፍቶ ወደ ሥራ በሚወስደው አውቶቡስ ውስጥ ተቀምጧል። በሌላው የአቶ ኤልያቄም ልጅ ፀዲ ከዱባይ አለች፤ ከጀርባዋ የሰፈሩ ልጆች በሙሉ በአንድ ሳሎን ታጭቀው እጃቸውን ያውለበልባሉ።

«አይዟችሁ፣ እኛ አለን!» አሉ ባንድ ድምፅ። «እኛ እንመራችኋለን!»

ሦስቱ ሽማግሌዎች የመጀመሪያውን ቅስት አነሡት። አነሡት ከማለት ለመኑት ማለት ይሻላል።

«ወደ ግራ! ወደ ግራ በሉት!» ጮኸ ቃለሕይወት።

«በማን ግራ?» አለ በከር ፊቱ ቀልቶ።

«በእኔ ነዋ!»

«አንተማ ቶሮንቶ ነህ!»

«ኧረ ወደ ቀኝ ነው!» አለች ፀዲ። «እኔ እኮ በደንብ ይታየኛል። አባዬ፣ ቀና ይበሉ! እንደሱ አይያዝም! ከዘራውን ይጣሉትና ይያዙት!»

«ከዘራውን ከጣልኩ እኔን ማን ይይዘኛል?» አሉ አቶ ኤልያቄም።

ቅስቱ ወደ ቶሮንቶ ወይስ ወደ ዱባይ የሚለውን ሊወስን ትንሽ ተወዛወዘና ወደ በከር አጥር ሄደ። አጥሩ ድም ብሎ ተኛ። ድመቷ ከዚያን ቀን በኋላ «ድንኳን» ሲባል አትወጣም። በሰው ላይ ግን የደረሰ ነገር የለም፤ በከር አቧራውን አራገፈና የወደቀውን አጥሩን አየት አድርጎ «ችግር የለም፣ ሳነሣው ትንሽ ጠጋ አደርገዋለሁ» አለ።

አቧራው ሳይበርድ ከታች በኩል የጎማ መንጓጓት ተሰማ። ጋሽ ሙሌ ነው፤ አንድ ትልቅ ጥቁር ሻንጣ ከኋላው እየጎተተ ይመጣል።

«ጎበዝ፣ ሥራ ላይ ናችሁ?» አለና ሻንጣውን ጋሽ ሸዋንግዛው እግር ሥር አቁሞ ከፈተው። «ልክህ ይሁን አይሁን ልይ ብዬ ነው። ጉልበትህን ካጠፍክ ትገባለህ። ባርኔጣህን ግን በእጅ ትይዛለህ።»

መንገደኛው ሁሉ ቆሞ ሳቀ። ከዱባይ ሳሎንም ሳቅ መጣ። ጋሽ ሸዋንግዛው ደሙ እየፈላም ቢሆን ጎንበስ ብሎ ሻንጣውን ሳያይ አላለፈም።

«ጎማው ተበልቷል» አለ።

«እሱን ከመግባትህ በፊት ትሠራዋለህ» አለ ሙሌ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስማ ሸዋንግዛው፣ ልጆቼ ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። የምትለው ‹ሙሌ፣ አዋሰኝ› ነው። ሌላ ምንም አትልም።»

ትሕትና ፀጉሯን በቢጎዲን ጠቅልላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ተወው አባዬ» አለች ቀስ ብላ። «በእነ ጋሽ ሙሌ ድንኳንም ቢሆን ያው ማግባት ነው።»

ይህ ከሻንጣው ይልቅ አመመው። የትም አልሄድም ያለችው ልጅ፣ በሰፈሯ ሰው ጠፍቶ በተውሶ ድንኳን ልትዳር ነው። ባርኔጣውን ያዝ አደረገ። «ሙ…» ብሎ ጀመረ።

«ጋሼ፣ እናንሣው እንዴ?» አለ አንድ ድምፅ።

ጂራታ ነው። ከጓደኞቹ ጋር ከሥራ ተመልሰው በወደቀው አጥር ላይ ተደርድረው ዳቦ እየበሉ ትርኢቱን ሲያዩ ቆይተዋል። አጠገባቸው አብዱራህማን አለ፤ ካርቱም ጦርነት ሲነሣ ሸሽቶ የመጣ፣ በኦምዱርማን የጎማ መጠገኛ ቤት የነበረው፣ አሁን የበከርን ሌላኛዋን ክፍል የተከራየ ሱዳናዊ። ቁመቱ የበሩን ጉበን ስለሚነካ ሰፈሩ የሚያውቀው ጎንበስ እንዳለ ነው።

«አይቻልም!» አሉ አቶ ኤልያቄም። «አባል ያልሆነ ሰው የእድሩን ምሰሶ አይነካም። ደንብ ነው።»

«ሲመጣ እኛ ተሸክመነው አልገባም?» አለ ጂራታ።

«ማስገባት ሌላ፣ መትከል ሌላ።»

«አባል አድርጉን ታዲያ!»

«ተከራይ አባል አይሆንም። ይህም ደንብ ነው።»

«ማን ነው እንዲህ ያለ ደንብ ያወጣው?» ብሎ ጠየቀ ሙሌ፣ ነገሩ ጥሞት።

ሁሉም ጋሽ ሸዋንግዛውን አዩ። ከዓመታት በፊት፣ ጎረምሳው እርስ በርሱ በሚጋፋበት ዘመን፣ በስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ «ተከራይ ነገ ሂያጅ ነው፤ ሂያጅ ምሰሶ አይይዝም!» ብሎ ያስወሰነው እሱ ነው። ያኔ ተጨብጭቦለታል። ካጨበጨቡት አብዛኞቹ አሁን ስልኩ ውስጥ ናቸው።

«ሂያጁማ ባለቤቱ ሆነ» አለች እትዬ ሀረገወይን። «ተከራዩ ነው የቀረው።»

«እንግዲያው ደንቡ ይለወጥ እንደሆነ አባላት ይወስኑ» አሉ አቶ ኤልያቄም። ከግማሽ በላይ የሆነው አባል ባሕር ማዶ ስለነበር ስብሰባው እዚያው አጥሩ ሥር ተከፈተ።

«እኔ ቅር ይለኛል» አለ ቃለሕይወት። «ሰዎቹን አናውቃቸውም። ነገ ጥለውን ቢሄዱስ?»

እትዬ ሀረገወይን ስልኩን ከአጥሩ አውርዳ ወደ ፊቷ አስጠጋችው። «ቃልዬ፣ ማን ነው ጥሎ የሄደው? አንተ ነህ እነሱ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

«ቶሮንቶ እድር ገባሁ ብለህ ፎቶ ልከህልኝ የለ? ስትገባ ያውቁህ ነበር?»

«እ… አያውቁኝም ነበር።»

«አንተም ተከራይ ነህ፣ ወይስ ቤት ገዛህ?»

«እትዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ፤ ሰው እያየኝ ነው።»

«ይይህ!»

ቃለሕይወት ኮፍያውን ወደ ቅንድቡ ሳብ አደረገና እጁን አወጣ። ከዱባይ ሳሎን ሁሉም እጁን አወጣ፤ አንዱ ራሱን ሊያክ ያነሣው ነበር፣ እሱም ተቆጠረ።

የቀረው ጋሽ ሸዋንግዛው ነው። ሙሌን አየ፣ የተከፈተውን ሻንጣ አየ፣ ቢጎዲን የደረደረችውን ልጁን አየ። «ደንቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ» አለ። «እኔው አንሥቼዋለሁ። ጂራታ፣ ልጄ፣ ካንተ ጋር ያለውን ሁሉ ይዘህ ና። አብዱራህማን፣ አንተም ወንድሜ።»

«ይህ በቃለ ጉባኤ…» ሲሉ ጀመሩ አቶ ኤልያቄም።

«ጋሽ ኤልያቄም፣ ምሰሶ ይዘው ይጻፉ!»

ከዚያ በኋላ የሆነው ሻይ እስኪቀዘቅዝ አልፈጀም። እነ ጂራታ ቅስቱን እንደ ጤፍ ነዶ ብድግ አደረጉት። አብዱራህማን መሰላል ሳያስፈልገው የላዩን ብሎን ቆሞ አጠበቀ። ሥራውን የመራው እሱ ነው፤ አማርኛውን በሙሉ የተማረው ሚኒባስ ውስጥ ስለሆነ ትእዛዙ ሁሉ የታክሲ ነበር። ብረቱ እንዲቀራረብ ሲፈልግ «ጠጋ ጠጋ በሉ!»፣ ሸራው ሲሳብ «ሞልቷል፣ ሳበው!»፣ ከላይ መፍቻ ሲያመልጠው ደግሞ «ወራጅ አለ!» እያለ። ሁሉም ገባው። ቶሮንቶና ዱባይም ይመራሉ፤ የሚሰማቸው ግን የለም።

ድንኳኑ ቆመ። ስፋቱ የታየው ሲቆም ነው። አንደኛው ጎኑ የበከር አጥር በነበረበት አልፎ የበከር የልብስ ስፌት መኪና አጠገብ እግሩን ተከለ። ሌላኛው ጎኑ የአቶ ኤልያቄምን በር ነቅሎ ካስቀመጠ በኋላ ግቢያቸው ገባ፤ የልብስ ማስጫቸው፣ ቧንቧቸውና ሽንት ቤታቸው ድንኳን ውስጥ ሆኑ። የመንገዱ መብራት ምሰሶ ከነአምፖሉ መሃል ቀረ። የመጨረሻው እግር ሲለካ ታች ሰፈር ላይ አረፈ።

«ይሄኛው እግር የቆመው በእኛ ሰፈር ነው» አለ ሙሌ እየረገጠው። «ለዛሬ ኪራይ አልጠይቅም።» ሻንጣውን ዘግቶ እየጎተተ ወረደና ልጆቹን ወንበር አስይዞ ተመለሰ።

ሰርጉ ሰርግ ሆነ። የሙሽራዋ ሚዜዎች እንደ ወጉ ሰርገኛውን በር ላይ አናስገባም ብለው ሊከለክሉ ሲፈልጉ የሚከለክሉበት በር አጡ፤ ድንኳኑ ውጦታል። ተፈልጎ ተፈልጎ የአቶ ኤልያቄም ሽንት ቤት በር ላይ ተሰለፉ። ሙሽራው ደርሶ፣ ተገትሮ፣ ለምኖ ገባ፤ ገብቶ የት እንደገባ ሲያይ ተመልሶ ወጣ። አቶ ኤልያቄም «የሕዝብ እንቅስቃሴና ዕድገት» በሚል ንግግር ሊያደርጉ ተነሥተው ቀና ሲሉ የራሳቸውን የታጠበ ሱሪ ከሙሽሮቹ በላይ ተሰቅሎ አዩት፤ ንግግሩ አጠረ። አብዱራህማን መብራት ምሰሶውን ተደግፎ እንግዳውን «ከኋላ ባዶ ነው፣ ግቡ!» እያለ ያስተናግዳል። ጂራታና ጓደኞቹ ከሰው እኩል ተጠርተው፣ ከሰው እኩል ተቀምጠው፣ ከሰው በላይ በሉ።

ቃለሕይወት በስልክ ዙሪያውን እንዲያሳዩት ጠየቀ። ጋሽ ሸዋንግዛው ከዳር እስከ ዳር አዞረለት።

«ጋሼ፣ መንገዱ እኮ ጠቧል!» አለ ልጁ ደንግጦ።

«መንገዱ እዚያው ነው፤ አንተ ነህ ያደግከው።» አጥሩን አላነሣም።

ይህ ከሆነ ሰንብቷል። ድንኳኑን ያፈረሱትም ያቆሙት ናቸው፤ አሁን ተመልሶ እትዬ ሀረገወይን አልጋ ሥር ተኝቷል፤ ትሕትናም ወደ ባሏ ቤት በሄደች በነጋታው ልብስ ከመስኮቱ በወጣው ጫፍ ላይ መሰጣት ጀምሯል። እድሩ ውስጥ ሰው አለ፣ ምስጋና ለእነ ጂራታ። ቀጣዩ ሰርግም የአብዱራህማን ነው ተብሎ ጫፍ ጫፉ ይወራል። ችግሩ አቶ ኤልያቄም ለሁለተኛ ጊዜ በራቸውን አላስነቅልም ማለታቸው ነው።

ስለዚህ ጋሽ ሸዋንግዛው ይህን ለሚያነብ ሁሉ ጥያቄ አለው። እናንተ ጋ ሰፊ መንገድ ወይም ሜዳ ያለው እድር ካለ፣ ድንኳናችሁም ትንሽ ከሆነች፣ እንለዋወጥ ይላል። የኛው ንጹሕ ነው፤ አንዴ ብቻ ተተክሏል። ጠመንጃ ያዥ ከታክሲ ወርዳችሁ ሻንጣ ጠጋኙን ብትጠይቁ ማንም ያሳያችኋል። መንገዳችሁን አስቀድማችሁ በሜትር ለክታችሁ ኑ፤ «እናውቀዋለን» ብላችሁ አትምጡ። በስልክም አይሆንም፤ ብረቱን ሊሸከም የሚችል ሰው ይዛችሁ በአካል ኑ። ለቶሮንቶና ለዱባዮቹ አደራ እንዳትነግሩ። ቅዳሜ ከሰዓት ይሻላል፤ እነ ጂራታ ከሥራ የሚመለሱት ያኔ ነው።